ሲሮጥ ብቻ የሚያሳየው ማስታወቂያ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ የካ ሚካኤል በምነዳት ሰይቼንቶ በምትባል ትንሽ ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገቧ የተቀመጡትን የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ስለሚመጣው ሳምንት ፊልም ጠየቀቻቸው።

«ማስታወቂያው ሙሽራዋ ከሌላ ሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን ቆማ ወዳጇ ሲሮጥ ያልቃል። ይደርሳል?»

«ሲደርስ ካሳየንሽማ ማን ቲኬት ይገዛል?»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ይደርሳል። አሥራ አንድ ዓመት ፊልም ሳሳይ የቀረ አላየሁም። ቄሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ይከፈታል። ምን አስጨነቀሽ ልጄ?»

«ዛሬ እኛ ቤት ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«ከወዳጅሽ?»

«ከሌላ ሰው። ለወዳጄ እንዲደርስልኝ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ።»

«ታዲያ እሱስ ሽማግሌ አይልክም?»

«ፊልም ላይ ሽማግሌ አይላክም።»

«ለዚህ እኮ ነው የሚሮጡት።»

የካ ሚካኤል ስንደርስ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች አንድ ደጅ ላይ ቆመው ያንኳኩ ነበር።

«ቀድመውኛል» ብላ ወረደች።

እኔ በኋላው መስታወት የመጣንበትን መንገድ አየሁ።