ከ«ኤም» ወዲያ ያሉት ቃላት

ያን ዕለት ጠዋት ዝናቡ ባይጠና ኖሮ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ምክንያት አይኖረኝም ነበር። እኔ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ መጽሐፍ አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ሲመለስ እቀበላለሁ፣ በመሃሉ ደግሞ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ዝናቡን ሽሽት ከገቡት መካከል ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ከተማው ስማቸውን ትቶ «መዝገበ ቃላት» ይላቸዋል፤ ሲሰሙም አይቆጡም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

እኒህ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማሩት በአንድ መንገድ ነው። መዝገበ ቃላቱን ከ«ኤ» ጀምረው በየቀኑ ሃያ ቃል በቁራጭ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ተማሪው ሸምድዶ ይመጣል፤ የሳተውን ሃምሳ ጊዜ ይጽፋል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓመቱ ሁልጊዜ «ኤም» ላይ ያልቃል። ስለዚህ በከተማችን ያለ የተማረ ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ እስከ «ኤም» ድረስ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እግዜር ያውቃል።

መምህሩ ካፖርታቸውን እያራገፉ ዞር ሲሉ ጥግ ካለው ጠረጴዛ የልጅ ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ የሆስፒታል ነርስ ናት። ለከፍተኛ የአዋላጅነት ትምህርት የሚያበቃውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ደንቡ ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተንን አይፈቅድም፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። አያቷ፣ እሷ ቤት ተቀምጣ ሃያ ቃሏን የምታጠና መስሏቸው ነበር። ከፊቷ የተዘረጋው ግን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚተርክ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው።

«ደህና አደርሽ ልጄ?» አሉ። ድምፃቸው ግን ደህና ያደረ አይመስልም።

ብድግ አለች። «እግዜር ይመስገን አባባ። ይቀመጡ።»

«መቀመጡንስ እቀመጣለሁ። ፈተናው የጦር ትምህርት ሆነ እንዴ? ወታደር ልትሆኚ ነው?»

«የእንግሊዝኛ ነው አባባ። ቃላቱን እዚህ ውስጥ እያገኘኋቸው ስለሆነ ነው።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም! ታሪክ የራሱ ጊዜ አለው። ለአንቺ የጎደለሽ ቃል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩሽ ከርሜ…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ እንቁላሉ ኤም ላይ ሲደርስ ፈተናው ይመጣል።»

ሳቄን ልደብቅ አጎንብሼ መሳቢያ ከፈትኩ። መምህሩ ግን እኔን ካስተማሩበት ዘመን ጀምሮ ጆሯቸው ሰይፍ ነው። «አንተም ሳቅ!» አሉኝ። «ያስተማርኩህ እኔው ነኝ።» መሳቢያውን ዘጋሁ፤ እውነታቸውን ነው።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ የወደቅሁት ሳላጠና ቀርቼ አይደለም» አለች። «ትርጉም ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። ድርሰት ጻፊ ሲሉኝ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል አንዱም አይመጣልኝም። ማን ምን ሲሆን እንደሚባሉ አላውቅማ!»

«ለዚህ መድኃኒቱ ጦርነት ነው? የሬሳ ቁጥር ማንበብ? እጅሽ ሕፃን የሚቀበል እጅ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«የገደሉትን አይደለም የማነበው። የቻሉትን ነው።»

መምህሩ ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት መሰለኝ፣ ልማዳቸው ወደሆነው ወደ ጥያቄው ገቡ። «እስቲ ‹ሲጅ› ምንድን ነው?»

ነርሷ መጽሐፉን ዘጋችው። «ከበባ ነው። እኔ ግን የያዝኩት እንዲህ ብዬ ነው። አንድ ትልቅ ከተማ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ቀን በጠላት ጦር ተከቦ ኖረ። ሐይቁ በረዶ ሲሠራ በበረዶው ላይ በመኪና ዱቄት አስገቡ። አንዳንዱ መኪና ከነሾፌሩ ሰጠመ፤ ከኋላው ያለው ግን ጉዞውን አላቆመም።»

«‹ሪሊንኩዊሽ›?»

«የያዙትን መልቀቅ። በዚያው ከተማ የዓለምን የእህል ዘር የሚጠብቁ ሳይንቲስቶች ነበሩ። ሩዙም፣ ኦቾሎኒውም፣ ድንቹም በእጃቸው ነበር። ከእነሱ ውስጥ በረሃብ የሞቱ አሉ። ዘሩን ግን አለቀቁም። ከእንግዲህ ይህን ቃል የምረሳው ይመስልዎታል?»

በመስኮቱ በኩል ጋዜጣ ሲያነቡ የነበሩ አንድ ሰው ጋዜጣቸውን አወረዱ። እኔም የያዝኩትን ማኅተም ሳላሳርፍ ቀረሁ። ያ መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራውን ስጠርግለት ኖሬያለሁ፤ ውስጡ ይህን ያህል ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ራሽን›።»

«በመጠን የሚታደል ምግብ። በክፉው ክረምት ለአብዛኛው ሰው በቀን መቶ ሃያ አምስት ግራም ዳቦ ነበር የሚደርሰው። እናቶች ያቺን ቁራሽ ለሦስት ከፍለው ለልጆቻቸው…»

«ቋጠሮ» አሉ መምህሩ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። «የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ጦርነት መጣ። እናቴ እህቴን አዝላ፣ እኔን በእጄ ይዛ ወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ላይ ዳቦ ቋጥራ ነበር፤ አሥራ አንድ ቋጠሮ። በቀን አንድ እንፈታለን። የምፈታው እኔ ነበርኩ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር እኮ! ለኔና ለእህቴ ታካፍለናለች። እሷ ስትበላ አላየሁም።»

«‹ራሽን›ን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሸመደድኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ገጹን ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። ያቺ ነጠላ ግን አንድ ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። እናቴ ዘጠና ዓመቷ ነው፤ እቤቴ ናት። ስለዚያ መንገድ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»

እንግዲህ የክርክሩ ነገር እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖሩበት ነገር ግን ሰውን በቀላሉ አይለቅም። «ታዲያ ዝርዝሬ ከንቱ ነበር ማለትሽ ነው?» አሉ፤ ሲጠይቁ እንደ ተማሪ ፈርተው ነበር።

ነርሷ እጃቸውን ያዘች። «ኧረ በፍጹም አባባ። ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት በእርስዎ ቃላት እየተመራሁ አይደለም እንዴ? ቃሉን ከሰው ለዩት እንጂ ጥፋት የለብዎትም።»

«ተነሽ» አሉ። «ወደ ቤት እንሂድ። ደብተርሽን ያዢ።»

ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ተያይዘው ወጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባቱን ሳምንት እንዲህ አሳለፏቸው። ጠዋት ጠዋት ነርሷ እዚህ መጥታ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጽ ታነባለች፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግታ ያነበበችውን ለኔ በእንግሊዝኛ ትተርካለች። እኔም ካልገባኝ አላልፋትም፤ በዚህ አጋጣሚ ከ«ኤም» ተሻግሬ «ፒ» ደርሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአያቷ ጋር በአሮጊቷ እናታቸው አልጋ አጠገብ ይቀመጣሉ። አሮጊቷ ይናገራሉ፣ መምህሩ ቃል ይፈልጋሉ፣ ነርሷ ትጽፋለች። መንገዱ አሥራ ሦስት ቀን እንደፈጀ መምህሩ የሰሙት ያኔ ነው።

«ቋጠሮው አሥራ አንድ አልነበር እንዴ? ለሁለቱ ቀንስ?» ቢሏቸው፣

«ውሃ ነበር» አሉ አሮጊቷ፣ ሌላ ሳይጨምሩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ድርሰቱ ስለሚያደንቁት ሰው እንዲጻፍ የሚያዝ ነበር። ነርሷ አራት ገጽ ጻፈች፤ ጊዜው አልቆ ወረቀቱን ሲቀበሏት ገና የአሮጊቷ መንገድ ሰባተኛ ቀን ላይ ነበረች። ከወር በኋላ ውጤቱ መጣ፤ አለፈች፣ ያውም ከፍ ባለ ነጥብ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ የምታተርፈውን ሳልነግርህ አላልፍም። ቃል ብቻውን ሲሸመደድ ከፈተናው በር ላይ ጥሎህ ይሄዳል። በሰው መከራና ጽናት ውስጥ ያገኘኸው ግን ሥጋህ ውስጥ ይገባል፤ ስትጽፍ ሳትጠራው ይመጣል። የሩቅ አገር ታሪክ ደግሞ የራስህን ቤት ያሳይሃል። ዛሬ መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ መጻሕፍታችን ያስተምራሉ፤ ቁራጭ ወረቀት ቀርቷል። ተማሪው አንድ ገጽ ታሪክ አንብቦ ይተርካል፣ ከዚያም በዕድሜ የገፋ ዘመዱን ጠይቆ ይመጣል። እኔ በዚህ ክፍል ሰው ሲያለቅስም ሲስቅም አይቻለሁ፤ «ኤም» ላይ ሲቆም ግን አላየሁም።

ነርሷ ለትምህርቷ ከመሄዷ በፊት እኔንም ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። ድርሰቱን ከረቂቅ ደብተሯ ለአሮጊቷ ልታነብላቸው ነበር። እሷ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ መምህሩ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ለእናታቸው ይመልሳሉ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይኼ ሁሉ ስለኔ ነው?» አሉ።

«አዎ እማዬ» አሉ መምህሩ። «ሁሉም ስላንቺ ነው።»

አሮጊቷ ልጃቸውን ቀና ብለው እያዩ፣ የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ ልክ እንደ አምስት ዓመት ልጅ አባበሉት።

«እሷ አበዛችው» አሉ። «እኔ እኮ ብዙም አልራበኝም ነበር።»