ኦሌቢሌ ወደ መሪው ሲመለስ

አንድ ማለዳ ወደ ማሃላፕዬ ለመሄድ ሴሮዌ መናኸሪያ ስደርስ፣ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች አውቶቡሱ አጠገብ ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንደኛው ሁላችንም በአክብሮት «ራ»፣ ማለትም «አባት»፣ የምንላቸው የሾፌሮቹ አለቃ ራ ሞሲንዪ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ ድርጅቱ በቅርቡ ለሠራተኞች ጉዳይ የቀጠራት የቀድሞ ተማሪዬ ኬሌቦኜ ናት።

ክርክሩ ስለ ሾፌሩ ስለ ኦሌቢሌ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከብቶች ድንገት መንገድ ገብተውበት ይነዳው የነበረው አውቶቡስ ተገልብጦ አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ሞተውበታል። ፖሊስ ጥፋት የለብህም ብሎ አሰናብቶታል። በዚያ ማለዳ ወደ ሥራ ሲመለስ ግን ቁልፉን ማዞር አቅቶት፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀርቷል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! እስቲ ይዳኙን» አሉ ራ ሞሲንዪ። «ከአህያ የወደቀ ሰው አቧራውን አራግፎ መልሶ ይወጣል። ይቺ ልጅ ግን ሾፌርዎን እሹሩሩ ይበሉት ትለኛለች!»

«ኧረ ራ፣ እንደዚያ አላልኩም» አለች ኬሌቦኜ በትሕትና። «እግሩ ቢሰበር ኖሮ ዛሬ ያስነዱት ነበር?»

«እግርማ ይታያል!»

«ያልታየ ነገር አያምም ማለት ነው?»

«እኛን ማን አባበለን? ችለን ነው የኖርነው።»

«ችለው ነው ወይስ ደብቀው? ለጊዜው ለብቻው አይውጣ፤ ጋቢና የሚያጫውተው፣ ሲከብደው መሪውን የሚቀበለው ሰው ይቀመጥ ነው የምልዎት። አለዚያ ሥራውን ሊለቅ ነው። እየተንቀጠቀጠ ይንዳ ካሉ ደግሞ፣ የተሳፋሪው ነፍስስ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ትርፍ ሾፌር ከየት ላምጣ?»

«እርስዎ አሉ አይደል?»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ጋቢና ገቡ። እኔም ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

«በል ልጄ፣ አትቸኩል» አሉት። «የሚነጫነጭ ካለ ለእኔ ተወው።»

ቁልፉ ዞረ። ከከተማ ወጥተን አደጋው የደረሰበት ቦታ ስንደርስ ኦሌቢሌ ዳር ይዞ ቆመ።

«ያቺ እናት ብርቱካን ሰጥታኝ ነበር» አለ። «ሳልበላላት ሞተች።»

ራ ሞሲንዪ ክንዳቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «እኔም በወጣትነቴ ድልድይ ላይ ብስክሌተኛ ገጭቻለሁ» አሉት። «በማግስቱ አስነዱኝ። እስከ ዛሬ ያንን ድልድይ የማልፈው እየዘፈንኩ ነው። ሰው ደስ ብሎት ነው ይላል፤ ፍርሃት ነው እንጂ።»

ኦሌቢሌ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። ሁለቱ ወርደው ትንሽ ቆዩና ሲመለሱ መሪውን ሽማግሌው ያዙ። ፓላፕዬን እንዳለፍን ግን ኦሌቢሌ፣ «አሁን ይስጡኝ» አለና በሰላም አደረሰን።

ራ ሞሲንዪ ማሃላፕዬ እንደ ወረዱ ለኬሌቦኜ ደወሉ።

«አሸንፈሽኛል ልጄ። ከእንግዲህ አደጋ የገጠመው ሾፌር ብቻውን አይወጣም። ልቡ የተረጋጋ ሰው መንገዱን ያያል፤ ተሳፋሪም በሰላም ይገባል፤ እኛም ስንት ዓመት የለመደ ሠራተኛ አናጣም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሠራተኛ ጉልበቱን ብቻ ይዞ ከቤቱ አይወጣም፤ ሐዘኑም አብሮት ይመጣል።

ሽማግሌው ስልኩን ሳይዘጉ ከእኔ ፈቀቅ አሉ። ቢሆንም ሰማኋቸው።

«እኔ የምልሽ ልጄ... ይህ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነገር ለሽማግሌም ይሆናል?»