ለቁም ሰው የተሠራው የሰም መስቀል

በፖርስ ግዌን ወደብ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ የምስክር ቃል

የመስካሪው ስም፦ ጉልቨን ቱዋል
ዕድሜ፦ 66 ዓመት
የትውልድ ቦታ፦ ኡዌሳን ደሴት
አድራሻ፦ ፖርስ ግዌን፣ የገመድ ሠሪዎች መንገድ፣ የቤት ቁጥር 9
ሥራ፦ ጡረተኛ መርከበኛ
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ራሱን አስተምሯል
ጉዳዩ፦ የኤፍላም ኖሬ (ዕድሜ 31) መጥፋት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1983

በቁሜ ለቅሶ ተቀመጡብኝ። የተበደልኩት ይህ ነው። ያደረገችውም ታናሽ እኅቴ ሶአዚግ ናት። ቃሌን የሚጽፈው አሥር አለቃ ከኤፍላም መጥፋት እንድጀምር ጠይቆኛል። ያ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ከዚሁ እጀምራለሁ ብዬዋለሁ።

አትላንቲክን ለብቻ በሸራ ጀልባ ለማቋረጥ በሚደረገው ውድድር ተመዝግቤ ነበር። መነሻው እሑድ ኖቬምበር 6 ከዚሁ ወደብ ነበር። ጀልባዋን በገዛ እጄ ነው የሠራኋት። ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ የሸራዬ ምሰሶ ተሰብሮ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ከልክሎኝ ቀርቻለሁ። ዘንድሮ ሐኪሙ ሲፈርምልኝ ከእንግዲህ እንደማይፈርም በግልጽ ነግሮኛል። ስለዚህ ይህ የመጨረሻ ዕድሌ ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ የተዘጋጀሁት ከኤፍላም ጋር ነው። ኤፍላም የሶአዚግ አንድ ልጅ ነው፤ ክርስትና ያነሣሁትም እኔ ነኝ። የውኃ በርሜሎቹን በገመድ ጠፈርን፤ ትርፍ ሸራውን ሰፋን፤ ድንች፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጨው ያለው ቅቤና የታሸገ ሰርዲን ጫንን። ኤፍላም ቀልድ ይወዳል። «አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ድንች ውቅያኖስ ላይ ልትዘራው ነው?» አለኝ። አፉን ትቶ ገመዱን እንዲይዝ ነገርኩት። ዓርብ ጠዋት የውድድሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ በሞተር እንዳልሄድ የሞተሬን ዘንግ በሽቦ አስሮ የእርሳስ ማኅተም አደረገበት። ያንን ማኅተም ከመድረሻው በፊት የበጠሰ ከውድድሩ ይሰረዛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ በወደቡ መካከል ታስራ ሳለ እኔ ብቻዬን ውስጥ ሆኜ መዘውሮቹን ቅባት እቀባ ነበር። የጀልባዋ ሆድ ከውጭ፣ ከውኃው ልክ ላይ፣ ሦስት ጊዜ በቀስታ ተንኳኳ። ወጥቼ አየሁ። ከኋላ ከታሰረችው ከራሴ ታንኳ በቀር በአጠገቤ ታንኳ አልነበረም። ውኃው እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ነበር፤ የሚንሳፈፍ እንጨትም አላየሁም። ተመልሼ ስገባ እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

በደሴታችን ባሕር ሰው ወስዳ ሬሳውን ስታስቀር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሲመሽ የሟቹ የክርስትና አባት መጥቶ መስኮቱን ሦስት ጊዜ በቀስታ ያንኳኳል፤ «ዛሬ ማታ ቤታችሁ ለቅሶ አለ» ይላል። በሬሳው ፈንታ ጣት የሚያህል የሰም መስቀል በነጭ ጨርቅ ላይ ይጋደማል፤ ዘመድ ሻማ አብርቶ ሲያለቅስበት ያድራል፤ በማግስቱም ይቀበራል። አባቴን የቀበርነው እንዲህ ነው። አሥር አለቃው እዚህ ላይ «የአካባቢው እምነት» ብሎ ሊጽፍ ነበር፤ አሰርዤዋለሁ። የምናገረው ያየሁትን ነው።

የእኔ የክርስትና አባት በጦርነቱ ጊዜ ሞቷል። ስለዚህ ሊያንኳኳ የሚገባ ሰው አልነበረም። ማን እንዳንኳኳ ልጠይቅ ታንኳዬን ቀዝፌ እዚሁ ፖርስ ግዌን ወዳለው የእኅቴ ቤት ሄድኩ።

ስደርስ ገና መምሸቱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ሻማ ግራና ቀኝ በርቶ፣ በመካከሉ የሰም መስቀል ተጋድሟል። ከራስጌው የእኔ አሮጌ ኮፍያ ተቀምጧል። አራት የደሴታችን አሮጊቶች ጸሎት ያደርሱ ነበር። እንደምን አመሻችሁ አልኩ። ማንም ቀና አላለም። አንዷ ብቻ ወንበሯን ትንሽ ገፋ አድርጋ አሳለፈችኝ፤ ያውም በር ከፍቶ ነፋስ እንደሚያሳልፍ ሰው።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ዝም በል ወንድሜ» አለች ሶአዚግ። «ነገ ተቀበርልኝና እሑድ ሂድ።»

«አብደሻል?»

«ባሕር ከዚህ ቤት ሰው መውሰድ ለምዳለች። አባታችንን ወሰደች፤ ባሌን ወሰደች። አሁን ካለቀስኩልህ በእጇ ያለህ ይመስላታል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አትወስድም።»

ኤፍላም ከወጥ ቤት ሳህን ይዞ ብቅ አለ። «አጎቴ፣ ግባ እንጂ! ሾርባው አልቀዘቀዘም። በገዛ ለቅሶው ላይ የበላ ከአንተ በፊት ማን አለ?» አለ። ከአሮጊቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና አፏን በአንገት ልብሷ ያዘች።

ሶአዚግን ጀልባዬን እንዲያንኳኳ ማንን እንደላከች ጠየቅኋት። «ማንንም አልላክሁ። አንተ እንድታውቅ መች ፈለግሁ!» አለች። ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አልዋሸችኝም።

መስቀሉን እሳት ውስጥ ልጥለው ሳነሣ ሁሉም ጮኹ። የተለቀሰበት መስቀል ካልተቀበረ ባሕር በቦታው ሰው ትጠይቃለች አሉኝ። ቄሱ ደግሞ ለቁም ሰው የተሠራ መስቀል አይቀብሩም። በዚህ ስንጨቃጨቅ ኤፍላም ከእጄ ወስዶ በመሐረቡ ጠቀለለና በደረት ኪሱ ከተተው። «ለእኔ ተዉት። ዛሬ ጀልባዋን የምጠብቀው እኔ አይደለሁ? አብሮኝ ያድራል። ነገ ደሴቲቱ ድረስ ወስጄ ከአባቶቻችን ጋር አኖረዋለሁ። አጎቴም ቤቱ ሄዶ ይረፍ፤ ለሟች ዕረፍት ይገባዋል» አለ። ወደቡ ድረስ ሸኘሁት። እያፏጨ ቀዝፎ ሄደ። በጀልባዋ መስኮት መብራት ሲበራ አይቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በወደቡ ጠባቂ ታንኳ ወደ ጀልባዋ ሄድኩ። ኤፍላም የቀዘፋት ታንኳ እሱ በሚያስረው ቋጠሮ ታስራ ነበር። መቅዘፊያዎቹ ውስጧ ናቸው፤ ደረቅ ናቸው። ጫማው ከመኝታው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። መኝታው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ በላዩ መስቀሉ ተጋድሟል፤ ራስጌው ወደ ጀልባዋ ፊት ነበር። ኤፍላም ግን አልነበረም።

ጨርቁን ጥጉ ላይ ባለው የሻማ ቃጠሎ አወቅሁት፤ የእኅቴ ነው። መስቀሉን ኪሴ ከትቼ፣ ጨርቁን እዚያው ትቼ ወደ ቤቷ ሮጥኩ። ጨርቁ ከጠረጴዛዋ ላይ አልተነሣም፤ ቃጠሎውም ጥጉ ላይ አለ። አሥር አለቃው «ተመሳሳይ ጨርቅ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ይህንንም አሰርዤዋለሁ። ተመሳሳይ አላልኩም። ወደ ጀልባዋ ስመለስ መኝታው ላይ ጨርቅ አልነበረም።

ነፋስ ስላልነበረ በሸራ መፈለግ አይቻልም ነበር። ማኅተሙን በጉጠት ቆረጥኩና ሞተሩን አስነሣሁ። ቅዳሜን ሙሉ ከወደቡ አፍ እስከ ውጪኛዎቹ ዐለቶች ድረስ ፈለግሁት። እሑድ ነፋስ መጣ፤ ውድድሩም ተጀመረ። ተወዳዳሪዎቹ በአጠገቤ ሲያልፉ አብሬያቸው የምሄድ መስሏቸው ከወደቡ ግንብ ላይ እጃቸውን ያውለበለቡልኝ ሰዎች ነበሩ። ተቆጣጣሪው በፈጣን ጀልባ ቀርቦ «አቶ ቱዋል፣ ማኅተሙ ተበጥሷል እኮ» አለኝ። «እኔ ነኝ የበጠስኩት። ጻፈው» አልኩት። በውድድሩ ላይ ምንም አቤቱታ የለኝም።

ሸራዎቹ ከዓይኔ ከራቁ በኋላ ከዐለቶቹ አጠገብ ድምፅ እሰማ እንደሆነ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። የጀልባዋ ሆድ ከታች ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ኤፍላም ብዬ ተጣራሁ፤ በሁለቱም ጎን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አልነበረም። ዓርብ ዕለት የተንኳኳው ለሟች መስሎኝ ነበር። ለካ የተንኳኳው ለመርዶ ነጋሪው ነበር። የኤፍላም የክርስትና አባት እኔ ነኝ።

መስቀሉ የት እንዳለ ተጠይቄ በደረት ኪሴ እንዳለ ተናግሬአለሁ። በማስረጃነት እንዳስረክብ ታዝዤ እምቢ ብያለሁ፤ እምቢ ማለቴም ይጻፍ። ፍለጋው ነገ ሲመሽ እንደሚያበቃ ተነግሮኛል። እስከዚያ ካልተገኘ ወደ ሶአዚግ መስኮት ሄጄ ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ ማለት የሚገባኝን እላለሁ። ሌላ ሰም ማቅለጥ አያስፈልጋትም።

ይህ ቃል ቃል በቃል ተነቦልኛል፤ የእኔ ያልሆነውን አሰርዤ የእኔ የሆነውን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ሐሰት የለበትም። በመስኮቱ ከምናገረው በቀር ስለዚህ ነገር ለፖሊስም፣ ለዳኛም፣ ለቄስም ዳግመኛ አልናገርም።

የመስካሪው ፊርማ፦ ጉ. ቱዋል
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ል. ኮርቤል (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ መስካሪው ከፈረሙ በኋላ ጨርቁን በተመለከተ ተጨማሪ ጥያቄ ቀርቦላቸው ነበር። ኮፍያቸውን አድርገው ወጥተዋል።