የመንታዎቹ ዳጉ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ሥራችሁን አቁማችሁ፣ ይህን ሁሉ ደግሳችሁ ስለጠራችሁኝ አላህ ያክብርልኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ወይዘሮ አስረሳችን፣ ፍየሉንም ለስላሳውንም ለማሰናዳት ከትናንት ጀምራ ስትሯሯጥ የዋለችውን ሃፍሳን በተለይ አመሰግናለሁ። ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። በሰመራ ሙቀት ጋቢ የሚሸልም መሥሪያ ቤት የእኛ ብቻ መሆኑን ግን መዝግቡልኝ። ቶሎ ወደ ደጋ ውጣልን ማለታችሁ እንደሆነ ገብቶኛል።

ንግግሬ አጭር ነው። ስምሪት ክፍል ሃያ ዓመት የሠራ ሰው "አጭር ነው" ሲላችሁ ግን አትመኑት።

አዲስ የገባችሁ ልጆች አላችሁና ሥራዬን ልንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. ከከሚሴ ስመጣ ሰመራ ጥቂት ቢሮና ብዙ ነፋስ ነበረች። ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ የተነሡት የጭነት መኪናዎች እዚህ ሲደርሱ ተቀብዬ ወደ አዋሽ እሰዳለሁ። አዋሽ ላይ የሚቀበለኝ በላይ የሚባል ሰው ነበር። አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። እኔም በአካል ያገኘሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ድምፁን ግን ከሚስቴ ድምፅ ይበልጥ ሰምቼዋለሁ፤ እሷም ታውቃለች፣ አኩርፋበታለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ለበላይ ደውዬ "ሦስት መኪና ተነሥቷል" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ዘበኛችን ያዮ፣ የአፋር ሽማግሌ፣ በር ላይ ቆሞ ሰምቶኛል።

"ተጣልታችኋል?" አለኝ።

"ኧረ አልተጣላንም።"

"ታዲያ ስለ መንገዱ ሳትጠይቀው ትዘጋለህ?"

አስቀምጦ ዳጉን አስረዳኝ። የዚህ አገር ልጆች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ግጦሹ፣ ወንዙ፣ ሰዉ ሰላም ነው ወይ ይባባላሉ። ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማኸው ትናገራለህ። የራስህ ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "የራስህን ብቻ ተናግረህ ከሄድክ፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው ምን ይሁን?" አለኝ ያዮ።

በማግስቱ ለበላይ ነገርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪና ቁጥር ከመናገራችን በፊት ዳጉ ሆነ። ሚሌ እንዴት ነው? ገዋኔስ? ወንዙ ሞልቷል? ግመል መንገድ ላይ አለ? ልጆችህስ? የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች "እናንተ ሥራ የላችሁም እንዴ?" ይሉን ነበር። ሥራችን እሱ ነበር እኮ! በኋላ በቴሌግራም መጻጻፍ ስንጀምርም አልተውነውም።

ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ አዋሽ ተተከለ። ሾፌሮቹ "መንታዎቹ" አሏቸው። ሥራውን የለመዱት እኔና በላይ ለዓመታት የተጻጻፍነውን አንብበው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው በአማርኛ ነበር የሚጻጻፉት። ታስታውሳላችሁ? "እንደምን አደርክ፣ ገዋኔ ደህና ነው ወይ?" እያለ ማሽን ለማሽን ሲጽፍ ስክሪኑን ከብበን ስንስቅ?

ከዚያ ማሳጠር ጀመሩ። ዓረፍተ ነገሩ ቃል ሆነ፣ ቃሉ ፊደል ሆነ፣ በመጨረሻም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት፣ ከእኛ ማንም የማያነበው ነገር ሆነ። የኮምፒውተር ባለሙያችንን እድላዊትን ጠራኋት።

"ተበላሽቷል እንዴ?"

"አልተበላሸም ጋሼ። ተግባብተዋል።"

"ማን አስተማራቸው?"

"ማንም። ቶሎ ጨርሱ ነው የተባሉት። በምን ቋንቋ እንደሆነ የነገራቸው የለም።"

እውነቱን ልናገር? ቀናሁ። በገዛ ቤቴ እንግዶች በማላውቀው ቋንቋ ሲጫወቱ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ መሰለኝ። በላይም አዋሽ ላይ እንደ እኔው ነበር። የሚያደዋውለን ነገር ስለጠፋ ስልኩ ሥራ ፈታ። ሰውየው በሕይወት እያለ ድምፁ ናፈቀኝ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን ልነግራችሁ ነው። ወይዘሮ አስረሳች ያውቃሉ።

በእያንዳንዱ መልእክት ራስ ላይ ሦስት ምልክቶች ነበሩ። ከኅዳር እስከ ሰኔ በየቀኑ አየኋቸው፤ አንድም ቀን አልተለወጡም። የመኪና ቁጥር አይደሉም፣ የጭነት ዓይነት አይደሉም፣ ሰዓትም አይደሉም። እንግዲያው ትርፍ ናቸው አልኩ። "መልእክቱን ያለ ጥቅም ያረዝማሉ፣ ይውጡ" ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። እድላዊት "ጋሼ፣ ምን እንደሆኑ እስክናውቅ ብንቆይስ?" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቢያንስ በአንድ ነገር ላዛቸው ፈልጌአለሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምልክቶቹ ወጡ። ፊርማው የእኔ ነው።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ገዋኔ አካባቢ መንገዱን ቆረጠው። የአዋሹ መንታ ከሾፌሮች ሰምቶ ያውቅ ነበር። የእኛው ግን አላወቀም፤ ያኛው የሚነግርበትን ቦታ እኔ ዘግቼበታለሁ። ስኳር የጫነውን ሾፌራችንን አብራርን "መንገድህ ክፍት ነው" ብዬ ሸኘሁት። ጎርፉ መኪናውን ገለበጠው። አብራር እግሩ ተሰብሮ፣ መኪናው ጎን ላይ ወጥቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰው ጠበቀ። ዱብቲ ሆስፒታል አንድ ወር ተኛ። አሁን ይኸው ከኋላ ተቀምጦ ሥጋውን እየበላ ይስቅብኛል፤ አልሀምዱሊላህ።

ይቅርታ ልለው ሆስፒታል ሄድኩ። እሱ ነው የቀደመኝ። "ጋሼ፣ ለእኔ አታልቅስ፤ ለስኳሩ አልቅስ። ይሄኔ አዞው ሁሉ ጣፋጭ ለምዷል" አለኝ። እየሳቅኩ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት በላይ አሮጌዎቹን መልእክቶች አትሞ ከመንገዱ መዝገብ ጋር ያመሳክር ነበር። ደብዳቤውን ከጻፍኩ በኋላ፣ ምልክቶቹ ከመውጣታቸው በፊት በነበሩት ቀናት፣ ሁለት ጊዜ ተለውጠው አገኛቸው። ሁለቱንም ቀን መንገዱ ላይ ጎርፍ ነበር። ደወለልኝ።

"ከማሉ፣ ዳጉ ነበር እኮ" አለኝ። "ከእኛ የወሰዱት ነው። ቃሉን ሁሉ ጣሉት፣ ዳጉውን ግን አልጣሉትም።"

"ታዲያ ለምን ስምንት ወር ሙሉ አልተለወጠም?"

"ዝናብ የት ነበረና! የበልጉም ቀርቷል፤ መንገዱ ደህና ነበር። አንተና እኔ ስንት ዓመት ‘ደህና ነው፣ ደህና ነው’ ስንባባል ኖርን፤ ባዶ ወሬ ነበር?"

ሰላምታን ያስተማረኝ አገር ላይ ኖሬ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ባዶ ነው ያልኩት እኔው ነኝ።

ምልክቶቹ ተመለሱ። እኔና በላይም እንደገና መደዋወል ጀመርን። እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ መንታዎቹ ያሉትን ከመንገዱ ጋር እያስተያየን ደብተር ላይ እንጽፋለን። "ዛሬ ሦስተኛዋን ለውጠዋታል፤ ግመል ይሆን?" "ግመል አይደለም፣ አቧራ ነው፤ እኔ እንኳ ከመስኮቴ ማዶ ያለው አይታየኝም።" እንደ ተማሪ ሆንን። በሥራ ዘመኔ ያንን ጊዜ ያህል የተደሰትኩበት የለም። ግማሹን እንኳ አንብበን አልጨረስንም። እነሱም አንድ ቦታ አይቆሙም፤ ዛሬ ያወቅነውን በወሩ ይለውጡታል፣ እኛም እንደገና እንጀምራለን።

በላይ ባለፈው ሚያዝያ አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። መርዶውን የነገረችኝ ባለቤቱ ውባንች ናት። ወንበሩን አደራ የምሰጠው ሰው አጥቼ ለቀብሩ አልሄድኩም። መንታዎቹ ያን ቀን እንደ ወትሮው ሲጻጻፉ ዋሉ፤ እኔም እያየኋቸው ዋልኩ። መንገዱ ደህና ነው ይላሉ። በላይ ናፍቆኛል። ሌላ ምን ልበላችሁ? አሁንም ጠዋት ጠዋት ስልኬን አነሣና ቁጥሩን እስከ ግማሽ ነክቼ እተወዋለሁ።

ወይዘሮ አስረሳች፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። በወንበሬ ላይ ሰው እንደማይተካ ሰምቻለሁ። ውሳኔው ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደመጣ ስለማውቅ እርስዎን አልወቅስም። ማሽኖቹንም አልወቅስም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ግን ችግሩ ምን መሰለዎት? የእኛው መንታ ጎርፍ ሲሰማ መኪናውን ያቆያል፤ ለምን እንዳቆየው ግን በአማርኛ አይነግረንም። ሾፌሩ "ለምን ቆምኩ?" ይላል፤ የሚመልስለት ያጣል። በረኛውም "ማሽኑ ዝም ብሎ ነው" ይልና በሩን ይከፍትለታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሮጬ የመለስኩትም አለ። ነገ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ቀናተኛ ተነሥቶ "ትርፍ ናቸው" ቢል ማን ይከራከረዋል?

ደብተሮቹ አራት ናቸው፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ሁለቱ በእኔ እጅ፣ ሁለቱ በበላይ እጅ የተጻፉ ናቸው። ውባንች ናት የላከችልኝ። የሚያነሣቸው ከሌለ ይዣቸው እሄዳለሁ። ከሚሴ ላይ ግን ምን ያደርጉልኛል?

ወደ አገሬ ከመግባቴ በፊት ነገ ጠዋት ወደ አዋሽ እሄዳለሁ። ውባንችን ላጽናና፣ በላይ ያረፈበትንም ልይ። የሚወስደኝ አብራር ነው፤ እምቢ ብለው አልሰማኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስሸኝበት የኖርኩትን መንገድ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ አልፌው አላውቅም። አሁን ነሐሴ ነው፤ ደጋው እየዘነበ ነው። የምንነሣው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ባልደረቦቼ፣ አስቀይሜያችሁ ከሆነ አውፍ በሉኝ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። የሾፌሮቻችንን መንገድ ያቅናልን። ወደፊት የትም ብትሠሩ፣ እኔ እናንተን እንዳገኘሁ፣ ደግ ባልደረባ ይግጠማችሁ። አሚን በሉ።

አሁን ብሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱ። ብቻ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ነገ ከአንድ ሰዓት በፊት ደብተሮቹን ይዞ ስምሪት ክፍል ይግባልኝ።