ወጥመዱ ሥዕሉን ይምሰል

ግቢ ልጄ፣ ግቢ፤ ደጃፍ ላይ ቆመሽ አትቅሪ። ያን ወንበር ተይው፣ አንድ እግሩ ከድቶታል... ይሄኛው ላይ ተቀመጪ። ጫማሽ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው? በደስታ ጨርሺው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ደግሞ ይሄ ወርክሾፕ ደስ ይላል፤ የዘይቱም ሽታ ይቀልለታል። በሩን? አይ፣ አትዝጊው፣ ገርበብ ይበል። ፊት ለፊት ያለው የሥራ አስኪያጁ በርም እንደዚሁ ገርበብ ያለ ነው፤ አየር ይዘዋወራል... ድምፅም ይዘዋወራል። ምን አለበት? እኔና አንቺ ምን ምስጢር አለን?

ወረቀቱን ይዘሽ እንደመጣሽማ አይቻለሁ። አስቀምጪው፣ የትም አይሄድ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እዚህ ቤት ወጥመድም ይጨመርበታል... ይጨመርበት ነበር ልበል እንጂ።

ጸሐፊ ሆነሽ ከመጣሽ ሦስት ሳምንትሽ ነው አይደል? እንግዲያው የማታውቂው ይበዛል። እኔ ሞላ ገጣሚዋ ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የአይጥ ወጥመድ ሞላ ስጠመዝዝ ኖሬ ስሜንም «እትዬ ሞላ» አድርገውት ቀርተዋል፤ አይከፋኝም። የማጫውትሽ ግን ስለ እኔ አይደለም። ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። ስሙን አልጠራውም፤ የትልቅ ሰው ስም በየወርክሾፑ አይጠራም። አንቺም ማነው ብለሽ አትጠይቂኝ።

ብቻ እንደሱ ያለ ተሰጥዖ አይቼ አላውቅም። እዚህ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ የፖለቲካ ካርቱን ይሥል ነበር። ምን ይሥል ነበር ብትይ... ወጥመድ። ምርጫ ሲመጣ ወጥመድ፣ ግብር ሲጨምር ወጥመድ፣ ሁለት የተጣሉ አገሮች ሲታረቁ በመሃላቸው ወጥመድ። አይጧ አንዳንዴ ሕዝቡ ናት፣ አንዳንዴ ሚኒስትሩ፤ አይቡ ሁልጊዜ ያው አይብ ነው። ሌላው ሰው ሐሳብ ሲያልቅበት ዝም ይላል፤ እሱ ግን አንዲቷን ሐሳብ አሥራ አንድ ዓመት ለበሳት፣ ክርኗ እንኳ ሳይቀደድ! ደግሞስ ጨዋነቱ! ወጥመድ ውስጥ አስገብቶ ከሣላቸው ባለሥልጣናት አንድ እንኳ የተቀየመው የለም። እንዲያውም ሥዕሉን በፍሬም አድርገው ቢሯቸው ሰቀሉት። ተናድፎ የማያሳክክ ስንት ሰው ታውቂያለሽ?

ወጥመዷ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር። ነይ፣ ይቺን እያት፤ አትፍሪ፣ ይቺ የድሮዋ ናት፣ ሰው አትነካም። አይቡ የሚቀመጠው እዚህ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰው የሚይዘው በዚያኛው። ሽቦው ወደ ያዢው ይሳብና ይጠመዳል፤ አይጧ አይቡን ስትነካ ተፈናጥሮ ወደ እሷ ይሄዳል። ገባሽ? እሱ ግን አገላብጦ ነው የሚሥላት። ሽቦውን አይቡ በኩል ይስበዋል፣ ስትፈናጠር የምትመጣው ወደ ያዢው ጣት። ለምን? ሽቦው ከአይጧ ራስ በላይ ሲሆን ያምራላ! ጋዜጣ ላይ ደግሞ ማንን ትነካለች? ጋዜጣ አንብቦ ወጥመድ ያጠመደ አለ እንዴ? አሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው ልብ አላለም።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ፤ መጀመሪያ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ፣ ቀጥሎ... ከፍ ብሎ። ኮሪደሩን አይተሽዋል መቼም፣ «የፀረ-ተባይ ታሪክ» የሚለውን። የሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ አለ፣ አይጧ ላይ የሚወድቀው። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ማሰሮ። ቀጥሎ የእንጨትና የሽቦዋ፣ የእኛዋ። ከሷ ጎን አሮጌው የማስታወቂያ ፖስተር፣ ድመቷ ሥራ ፈትታ ሻንጣ ይዛ እያለቀሰች የምትሄድበት። በመጨረሻ፣ በትልቁ ፍሬም፣ ፎቶግራፍ... የማን እንደሆነ አይተሻል። የሰው ልጅ ከድንጋይ ተነስቶ፣ ስንት ሺህ ዓመት ደክሞ፣ እዚያ ፎቶ ላይ ሲደርስ ዐረፈ። እኔ በበኩሌ ከድንጋዩ ብዙም እንዳልራቅን ነው የሚሰማኝ፤ ግን እኔ ምን ታሪክ አውቃለሁ?

እና ወጥመዱ ታሽጎ ለሚሸጥበት ካርቶን አዲስ ሥዕል ሣለ። እውነት እላለሁ፣ ያምራል። አይጧ ፈገግ ብላ፣ ሽቦው ከራሷ በላይ ቅስት ሠርቶ... እንዳልኩሽ ተገላብጣ። አንድ ደንበኛ ካርቶኑን ከፍቶ «ዕቃው ሥዕሉን አይመስልም» ብሎ አቤት አለ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ሥዕሉን ታስተካክያለሽ፤ ተራ ሰው ስለሆንሽ ነው። ትልቅ ሰው ግን ሰርኩላር ይጽፋል። «ከእንግዲህ ወጥመዱ ሥዕሉን ይምሰል።» በማህተም! ሥዕሉን በፒን ጠረጴዛዬ ላይ ሰኩልኝ፣ እያየሁ እንድገጥም።

አልሄድኩም እንዳትይ። ሄጄ «ይሄ ሰው ይመታል» ብያለሁ። «እርስዎ ኪነ ጥበብ አይገባዎትም» ተባልኩ። እርስዎ! ደስ አለኝ እኮ። ከአንዳንድ ሰው አፍ እንዲህ ያለ አክብሮት ለመስማት ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ተመለስኩና እንደ ሥዕሉ ገጠምኩ። ጓደኞቼም «ተይ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። አይነቅዝም፣ ልክ ነው... አይጥ ይበላው እንደሆነ ግን ማን ጠየቀ?

አዲሱ ወጥመድ የተመረቀ ቀን አንቺ አልነበርሽም። አዳራሹ ሙሉ እንግዳ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ። ያ ትልቅ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ አንዷን በገዛ እጁ አጠመደና፣ አይቡን በእርሳስ ጫፍ ነካ። ጧ! አውራ ጣቱን። ምን ያደርጋል ብለሽ ነው? ጮኸ? ምን ሲባል! ወጥመዷ ጣቱ ላይ እንደተንጠለጠለች ፈገግ ብሎ ንግግሩን ጨረሰ። «ለዘመናት የተያዝነው በችግር ነበር» ሲል ሕዝቡ ትያትር መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። በግራ እጁ ሁሉንም ጨበጠ። እንዲህ ያለ ጽናት! ከዚያ በኋላ ያቆመዋል ብዬ ነበር፤ አይ የኔ ሞኝነት። በማግስቱ ካርቶኑ ላይ አንዲት መስመር ብቻ አስጨመረ፦ «በጓንት ይጠቀሙ።»

አሥራ ሁለት ሺህ ወጥመድ ወጣ። ከተማው እንዴት እንደሆነ አይተሻል? አስተማሪው ጠመኔ መያዝ አቃተው፣ ፀጉር አስተካካዩ በግራው እየላጨ የስንቱን ጆሮ ነካ፣ ሰው ሰላም የሚባባለው በክርኑ ሆነ። ከማዶ ያለችው የፋርማሲ ባለቤት፣ ደግ ሴት ናት፣ ባየችኝ ቁጥር «ፋሻ አለቀብኝ፣ ሰውዬሽን ሰላም በይልኝ» ትለኛለች። የማን ሰውዬ? የኔ ሰውዬ የለኝም። መጋዘናችን ውስጥ ደግሞ አይጦቹ አይቡን በልተው፣ ሣንቃዋ ላይ ግልገል ያሳድጋሉ። ሞት የፈለገች አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የዛሬዋ ግን ዕድሜ ስትፈልግ የእኛን ወጥመድ ታሸታለች! የመጋዘን ጠባቂው ምርር ሲለው ባለፈው ሳምንት ድመት አመጣ። ወጥመድ ፋብሪካ ውስጥ ድመት፣ በቋሚ ሠራተኝነት። እኔ አልሳቅኩም። ጥቂት ነው የሳቅኩት።

ይሄ ሁሉ እንኳ አላስቆጣውም ነበር፣ ጋዜጣው ላይ በሱ ቦታ የተተካች አንዲት ልጅ ባትሥለው ኖሮ። አይጦች ሱቅ ደጃፍ ተሰልፈው የእኛን ወጥመድ ሲገዙ፣ አንዱ ትልቅ ሰው ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ «አመሰግናለሁ» ሲላቸው። ወጥመዷን አይቻታለሁ፤ ሽቦዋ ልክ ናት፤ ወደሚገባት ነው የምትመታው። ያን ዕለት ነው እንግዲህ «ጥፋቱ የማን ነው?» የተባለው። ይሄውልሽ... ያንቺ ወረቀት መጣ።

የተጻፈበትን አውቀዋለሁ እንጂ፤ አንቺ ሳታመጪው ወሬው መጥቷል። «የሞላ ገጣሚዋ በዕድሜ ምክንያት ዓይናቸው በመድከሙ አገላብጠው ገጥመዋል፤ ይህንኑ አምነው ፈርመዋል፤ በክብር ተሰናብተዋል።» እንዴት ያለ ቋንቋ ነው! በክብር! እኔ ይቺን ጠረጴዛ ትቼ ቤቴ ገብቼ፣ ከተማው በሙሉ በየጣቱ እኔን እየረገመ... በክብር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይሄ ነው። ግን ልጄ፣ እምዬ በአራት ዓመቱ የሞተችበት ሰውስ ወደ ማን ይለክከው? አክስት አለቻ! አክስት ምን ሥራ አላት?

አይ... ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራው። አንዲት አውቃት የነበረች ሴት። እህቷ ሞታ ልጁን አንስታ አሳደገችው። የሚያውልላት ሰው ስለሌላት ወርክሾፕ ይዛው ትመጣ ነበር፤ እዚያ ጥግ ላይ፣ የሣንቃ ቁራጭና እርሳስ ትሰጠዋለች፣ እሱ እያየ ይሥላል። ወጥመድ እንዳይነካው ግን! ጣቱን ይቆርጠዋል ብላ አንድ ቀን እንኳ አላስነካችውም። «ከሩቅ እያየህ ሣል» ትለው ነበር። ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስለሚሥል ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለበጥበታል... እሷም ሥዕሉ ባማረ ቁጥር ትስመዋለች እንጂ «ተገልብጧል» አላለችውም። እንግዲህ ጥፋት ከተባለ ይሄ ነው ጥፋቷ። ይሄ ያማታል ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ ከዚያ ወረቀት በላይ ይሄ ያማታል። ይሄን ጽፈሽ ብታመጪ አሁኑኑ፣ ቆሜ፣ በሁለት እጄ እፈርማለሁ።

ያንን ግን አልፈርምም። ዓይኔ ደክሟል አይደል የተባለው? እስኪ ያን ካርቶን አቀብይኝ። እዚህ ጋ፣ የአይጧ ጅራት ጫፍ ላይ፣ የተጠቀለለችው ነገር ምንድናት? አታይም? ያንቺ ዓይን ገና ወጣት ነው፣ ይቅርታ ይደረግለታል። ፊርማ ናት። ካርቱን ሠሪ ልማዱ ነው፣ የሠራውን ሳይፈርም አይለቅም፤ ቢያስነጥስም መሐረቡ ላይ ይፈርማል። አሥራ ሁለት ሺህ ካርቶን፣ አሥራ ሁለት ሺህ ፊርማ፣ በየሰዉ ቤት። ሰውየው በገዛ እጁ፣ ጣቱ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ይሄን ያህል ከፈረመ በኋላ የኔ አንዲት ፊርማ ምን ትጨምርለታለች? ስስት አይሆንም? እና ወረቀቱን መልሺለት፤ እሷ ነገ ጠዋትም ጠረጴዛዋ ላይ ናት፣ ሞላውን ወደ ድሮው ትመልሳለች በይው። ማንን ብትይ... ራሱ ያውቃል።

በይ ተነሺ፣ አስቀመጥኩሽ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ወለሉ ዘይት አለበት። ፊት ለፊት ካለው ቢሮ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሽ? እኔም ሰማሁ። ጥሩ፣ እንግዲያው መልእክት አላሸክምሽም፤ እዚሁ ልመርቀው። ቂም የለኝም፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ጣቱን ቶሎ ይማርለት። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ከኔም በላይ ይሽበት። ደግሞ ልጅ ይስጠው፤ አንድ ልጅ፣ መልኩም አመሉም ቁርጥ እሱን። በጀርባው አዝሎ ያሳድገው፣ ወግ ማዕረጉን ይይለት። ከዚያ ጉልበቱ ሲደክም፣ ዓይኑ ሲፈዝ፣ ያው ልጁ፣ እሱ ያሳደገችውን እንደጦረ አድርጎ፣ አንዲት ሳያጎድል ይጡረው። አሜን በይ እንጂ ልጄ።