ጉልበቴ በሁለት ሐኪሞች መሃል

ጉልበቴን ኦፕሬሽን ልሆን ስል አጎቴ ኦቦ ቶሎሳ "አብሬህ ካልሄድኩ" ብለው ሙጭጭ አሉና ከሰበታ ተያይዘን ኦፕሬሽኑን የምትሠራልኝ ዶክተር ዘንድ ሄድን። አጎቴ የሰፈሩን የታመመ መገጣጠሚያ ሁሉ በጋለ ብረት ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የእኔም ጉልበት ላይ በልጅነቴ ያሳረፉት ጠባሳ አለ።

ዶክተሯ በትንሽ ቀዳዳ ጉልበቴ ውስጥ ካሜራ አስገብታ፣ እዚያ የተበጣጠሰውን በሚግል መሣሪያ እንደምታጸዳ ነገረችን። "አደጋውን አልደብቃችሁም" አለች። "መሣሪያው አንድ ቦታ ከቆየ፣ ወይም ውስጥ ያለው ውሃ ከጋለ፣ የአጥንቱን ለስላሳ ሽፋን ያቃጥላል። የተቃጠለው ደግሞ አይተካም። ስለዚህ ውሃ እያፈሰስኩ፣ ነካ አድርጌ ቶሎ አነሳለሁ።"

ኦቦ ቶሎሳ ደስ አላቸው። "አንቺም እንደኔ ትተኩሻለሽ በይኛ! እኔ ግን ሰውየው ሲጮህ አነሳለሁ። አንቺ አደንዝዘሽው በምን ታውቂያለሽ?"

እውነቴን ነው፣ እኔም ደነገጥኩ። ዶክተሯ ግን ጠባሳዬን አየት አድርጋ፣ "አባባ፣ ያኔ እሱ አልጮኸም?" አለቻቸው።

"ኧረ መንደሩን ነው ያናወጠው!"

"ታዲያ ለምን ቶሎ አላነሱም?"

"እንዴ ልጄ! አራት ጎረምሳ ሥራውን ትቶ ይዞልኝ፣ ሳልጨርስ ልተወው?"