ከወዳጅ የመጣ ፋይል

«አጠፋሽው! ገና ከመምጣትሽ አጠፋሽው!» አለ ጠጋኙ፣ ዣንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ በሩ ላይ ቆሞ።

የእህቱ ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች። ከዝናብ ልትጠለል ነበር ወደ አጎቷ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ጎራ ያለችው። እሱ ያየው ስክሪኑ ላይ የሚያበራውን ቀይ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ «አይመሳሰልም» ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ የሴትዮዋን ኮምፒውተር አልነካሁትም። ይሄ የራሴ ላፕቶፕ ነው። ሊጭኑ ያዘጋጁትን፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ፋይል ከፍላሽዎ መርምሬው ነው።»

ጠጋኙ ተነፈሰና ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ያመጣችው የሟቹ አናጢ ሚስት ናት። አናጢው ሳንባውን ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ለልጆቹ ብሎ የቀዳው ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ማሽኑ ከማርጀቱ የተነሣ ለመከፈት ያምጣል። ጠጋኙም «ድምፁን ሳልነካ ቀለል ያለ ሲስተም ከጎኑ እጭንልሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላታል።

«ፋይሉን የሰጠኝ የላይኛው ሱቅ ወዳጄ ነው» አለ። «አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። የእሱን ልመርምር? ነገ ደግሞ ሚስቴን መታወቂያ አሳዪኝ ልበላታ!»

ልጅቱ ልትስቅ ቃጣት፤ እሱ ግን አልሳቀም። በዚያ መንደር ኢንተርኔቱ ስለሚንቀራፈፍ አንዱ ጠጋኝ ያወረደውን ሌላው ይቀዳል፤ ፍላሹም ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። መጠየቅ መጠርጠር ነውና።

«ጋሼ፣ ዱቄት ከወንድምዎ ቤት ቢመጣ ሳይነፋ ይቦካል?»

«የለም፣ ይነፋል።»

«ታዲያ መንፋቱ ወንድምን መስደብ ነው?»

ሽማግሌው እጅ አልሰጠም።

«ምርመራውን አንድ ሰው አሳይቶኝ ነበር፤ ያ ጥቁር መስኮት! ትእዛዝ ትጽፊያለሽ፣ አንዲት ነጥብ ትስቻለሽ፣ ይሰድብሻል። ዓይኔም አይችለው። ለእናንተ ለተማራችሁት ይሁን።»

«አሁን መጻፍ የለም። በእጅዎ ይሞክሩት።»

ማውሱን አስያዘችው። ፋይሉን ጎትቶ ስክሪኑ ላይ በተከፈተው የመመርመሪያ ፕሮግራም ሳጥን ውስጥ ጣለው። ፕሮግራሙ ከዳር እስከ ዳር አነበበውና ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አወጣ።

«ይሄ የፋይሉ አሻራ ነው። ቅንጣት ብትጎድል ይለወጣል። የሊኑክሱ ሠሪዎች ያወጡትን አሻራ ደግሞ ከታች ይለጥፉ።»

«እሱማ ፍላሹ ላይ አብሮ አለ።»

«ተከሳሽ ምስክሩን ከቤቱ ይዞ ይመጣል እንዴ ጋሼ? ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ነው የምንወስደው።»

ራሱ ከገጹ ቀድቶ ለጠፈው። አሁንም ቀይ ሆነ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ሲወርድ ተቆርጦ ይሆናል፣ ሲቀዳ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ክፉ ሰው ነካክቶትም ይሆናል። ቀዩ የትኛው እንደሆነ አይነግረንም፤ አትጫኑት ብቻ ነው የሚለን። ቢጭኑት መሀል መንገድ ላይ ቢቆም፣ ዲስኩ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ሁለቱም ወደ አሮጌው ኮምፒውተር አዩ።

ጠጋኙ ለወዳጁ ደወለ። ነገሩን በትሕትና ጀመረው፤ «ለኔ ነው እንዲህ የምትለው?» የሚል ቁጣ ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

«ተቀየመኝ» አለ። «በስተርጅና የተቀየመ ወዳጅ ደግሞ ቶሎ አይታረቅም።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ? አናጢው ሁለተኛ ሊሞት ነበር፤ በኔ እጅ።»

አስቀድመው የአናጢውን ድምፅ ሌላ ዲስክ ላይ ቀዱ፤ «የፋይሉ ደኅንነት የኛን ስሕተት አያስቀርም» አለች ልጅቱ። ከዚያ ፋይሉን ከሠሪዎቹ ገጽ አዲስ አወረዱት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብዙ ጠበቁ። ጠጋኙ ራሱ ጎተተ፣ ራሱ ለጠፈ፤ አረንጓዴ በራ።

«ይኸው ነው? ለዚች ነው ስሸሽ የኖርኩት?»

ለዚችው ነበር። ትእዛዝ የማያውቅ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ በጥቂት ትዕግሥት የተበላሸውን ከደኅናው ይለያል፤ አደራ የሰጠው ሰው ንብረቱ ይተርፍለታል፣ ሠራተኛውም በማያውቀው ጥፋት አይወቀስም። ወዳጅነትም ቢሆን ሳይመረመር በሚሰጥ ፋይል ከሚለካ፣ ተመርምሮ በሚሰጥ ቢለካ ይሻለው ነበር። ይህን ግን ለወዳጁ የሚነግርለት አልነበረም።

አመሻሹ ላይ፣ አዲሱ ሲስተም ተጭኖ ካለቀ በኋላ፣ የአናጢው ሚስት መጣች። ጠጋኙ ድምፁን ከፈተላት። ሟቹ ትንሿን ልጁን ጠራ፤ ሳል አቋረጠው፤ ትንፋሽ ሊሰበስብ ታገለ።

«ይበቃል» አለች ሴትዮዋ። «መኖሩን ላውቅ ብዬ ነው።»

ኮምፒውተሩን በላስቲክና በሻርፗ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች።